ገንዘቡ ከሰውየው ይፈጥናል፦ የተመዘበረ የሕዝብ ሀብት እንዴት ይመረመራል፣ እንዴትስ ይመለሳል?

በ1973 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሆንግ ኮንግ ፖሊስ ውስጥ ከፍተኛ መኮንን የነበረው ፒተር ጎድበር፣ ከ4 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር የሚበልጠውን ሀብቱን ከየት እንዳመጣው በአንድ ሳምንት ጊዜ ውስጥ እንዲያስረዳ የሚጠይቅ ማስታወቂያ ደረሰው። ሀብቱ በአገልግሎት ዘመኑ ሁሉ ካገኘው ደመወዝ ጋር ፈጽሞ እንደማይመጣጠን መርማሪዎቹ አስልተው ጨርሰው ነበር። ሳምንቱ ሳይሞላ ግን ጎድበር የፖሊስ የአየር ማረፊያ መግቢያ ወረቀቱን ተጠቅሞ የኢሚግሬሽን ፍተሻውን በጎን አልፎ አውሮፕላን ተሳፈረ፤ በሲንጋፖር አድርጎም ለንደን ገባ። ነዋሪው ተቆጥቶ አደባባይ ወጣ፤ መንግሥትም በ1974 መጀመሪያ የሙስና ምርመራን ከፖሊስ እጅ አውጥቶ በቀጥታ ለገዥው ተጠሪ ለሆነ አዲስ ነፃ ኮሚሽን ሰጠ። ጎድበር በ1975 ተላልፎ ተሰጥቶ የ4 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የአንድ ተቋም የልደት ታሪክ ሆኖ ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ የምመለሰው ወደዚያ ማስታወቂያ ነው። ማስረጃው ነበረ፤ ሕጉም ነበረ፤ የጎደለው ቅደም ተከተሉ ነበር። ሰውየው መጠርጠሩን ያወቀው እሱም ሆነ ገንዘቡ ሳይያዝ ነው። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎ የፀረ-ሙስና ተቋማት በየአገሩ ተቋቁመዋል፤ ስህተቱ ግን መልኩን እየቀያየረ ይደጋገማል፤ ምክንያቱም ሰውን መክሰስና ሀብትን ማስመለስ እንደ አንድ ሥራ ስለሚታዩ ነው። ሁለት ሥራዎች ናቸው፤ የየራሳቸው ሰዓትም አላቸው። የክስ መዝገብ ዓመታትን ሊታገስ ይችላል፤ ገንዘብ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት አገር ያቋርጣል።

ከጥቆማ እስከ ወረቀት

የሙስና ምርመራ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከጥቆማ ነው። ከኦዲት ግኝት፣ ከጋዜጣ ዘገባ፣ ባለሥልጣናት ከሚያስመዘግቡት የሀብት መግለጫ ወይም ባንኮች ከሚልኩት የአጠራጣሪ ግብይት ሪፖርት የሚነሳም አለ። ጠቋሚው ሁልጊዜ ለአገር ተቆርቋሪ ነው ማለት አይደለም፤ ጨረታ የተሸነፈ ነጋዴ፣ ድርሻው የቀረበት የሒሳብ ሠራተኛ፣ የተፋታ የትዳር ጓደኛ ወይም ያለ ፍላጎቱ ወደ ሌላ ቦታ የተዛወረ ምክትል ኃላፊ ሊሆን ይችላል። ልምድ ያለው መርማሪ ግን የጠቋሚውን ቂም አይጠየፍም። ጥያቄው "ለምን ነገርከኝ?" ሳይሆን "ይህን በምን አወቅህ? ወረቀቱስ የት ይገኛል?" የሚል ነው። ቂም የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ የትኛው ሰነድ በየትኛው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ከማንም በተሻለ ያውቃል።

ከጥቆማው በኋላ የሚመጣው ደረጃ ከውጭ የማይታይና መታየትም የሌለበት ነው። ተቋሙ ማንንም ሳይጠራ፣ ቢሮም ሳይበረብር፣ የመሬትና የቤት ይዞታ መዝገብን፣ የኩባንያዎች ምዝገባን፣ የተሽከርካሪ ሰሌዳን፣ የጉዞ መረጃንና የግዢ ማስታወቂያዎችን ይሰበስባል። የማን ወንድም የየትኛው ድርጅት ሥራ አስኪያጅ እንደሆነ፣ የትኛው ኩባንያ ከጨረታው ሁለት ወር በፊት እንደተቋቋመ፣ ቤቱ በማን ስም እንደተገዛ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ጠንካራ ተቋማት ከዚህ ቀን ጀምሮ ሁለት መዝገብ ጎን ለጎን ይከፍታሉ፤ አንዱ ስለ ድርጊቱ፣ ሌላው ስለ ሀብቱ። ደካሞቹ ሁለተኛውን መዝገብ የሚከፍቱት ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የሚያገኙት ባዶ የባንክ ሒሳብና በአክስት ስም የዞረ ቤት ይሆናል።

አንድ የጨረታ ማኅደር በመርማሪ ዓይን ሲነበብ ምን እንደሚመስል ቀረብ ብለን እንይ። የሦስት ተወዳዳሪዎች ሰነድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተዘርግቷል እንበል። የሁለቱ ተሸናፊዎች ነጠላ ዋጋ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ከአሸናፊው በትክክል አንዱ 8፣ ሌላው 12 ከመቶ ይበልጣል። በእውነተኛ ውድድር እንዲህ አይሆንም፤ አንዱ ሲሚንቶ ላይ ሲወደድ ብረት ላይ ይረክሳል፣ ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ይሄዳል። ሦስቱም ሰነዶች አንድ ቃል ላይ አንድ ዓይነት የፊደል ግድፈት አለባቸው። የጨረታ ማስከበሪያ የባንክ ዋስትናዎቹ ከአንድ ቅርንጫፍ በተከታታይ ቁጥር የወጡ ናቸው። በኮምፒውተር የተላኩት ፋይሎች ሲፈተሹም የአዘጋጁ ስም በሦስቱም ላይ አንድ ሆኖ ይገኛል። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ለብቻው ወንጀል አይደለም፤ አራቱ አንድ ላይ ሲመጡ ግን "ተወዳዳሪዎቹ" አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ሰነዱን እንደሞሉ ለማሰብ በቂ ምክንያት ይሰጣሉ።

ማኅደሩ ከውል ፊርማ በኋላም መነበብ አለበት። በዝቅተኛ ዋጋ ያሸነፈው ተቋራጭ ሥራውን ከጀመረ በኋላ በተጨማሪ ሥራ ስም ክፍያው ከፍ እያለ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ ድምሩ ጨረታውን ከተሸነፉት ዋጋ ይበልጣል። አንዳንዴ ደግሞ ትልቁ ግዢ ጨረታ ከሚያስፈልገው የገንዘብ ጣሪያ ትንሽ ዝቅ ወዳሉ ብዙ ትንንሽ ግዢዎች ተከፋፍሎ ይገኛል። ከዚያ በኋላ መርማሪው ክፍያውን ይከተላል፤ ከመንግሥት ሒሳብ ወደ ተቋራጩ፣ ከተቋራጩ "ለማማከር አገልግሎት" ተብሎ ወደ አንድ ትንሽ ድርጅት፣ ከድርጅቱም ወደ ባለሥልጣኑ የቅርብ ሰው። መዝባሪዎች የማማከር አገልግሎትን የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ጠጠር ይመዘናል፣ ብረት ይለካል፤ የተሰጠ ምክር ግን ስንት ኩንታል እንደሆነ ማንም አይጠይቅም።

ጉቦው በጥሬ ገንዘብ ተሰጥቶ የባንክ ዱካ ካልተወ ሌላ መንገድ አለ፤ የተጣራ ሀብት ስሌት ይባላል። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ኃላፊ ሥልጣን ሲይዝ የተጣራ ሀብቱ 100 ነበር፣ ከ5 ዓመት በኋላ 900 ሆነ እንበል። ጭማሪው 800 ነው። በእነዚህ ዓመታት ለኑሮ፣ ለልጆች ትምህርትና ለጉዞ 200 አውጥቷል። ስለዚህ 1,000 በእጁ ገብቷል ማለት ነው። የታወቀ ገቢው ግን 300 ብቻ ነው፤ 700ው ማብራሪያ ይፈልጋል። ስሌቱ የሚቆመው በመነሻው ቁጥር ላይ ነው፤ ተከሳሹ "አስቀድሞም በጥሬው የተቀመጠ ገንዘብ ነበረኝ" ካለ ስሌቱ ሁሉ ይናዳል። ሥልጣን ሲያዝ የሚሞላው የሀብት መግለጫ ቅጽ ዋጋው የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ያን ቀን የፈረመው ባዶ መስመር ከዓመታት በኋላ ራሱን ይይዘዋል። መግለጫውን ተቀብለው ሳያረጋግጡ መደርደሪያ ላይ የሚደረድሩ ተቋማትም የዚህን ጥቅም ግማሹን ያጣሉ።

ምንጩ ያልታወቀ ሀብትን ራሱን የቻለ ወንጀል ማድረግ አከራካሪ ነው። በ2003 የጸደቀውና በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ-ሙስና ስምምነት በአንቀጽ 20 ላይ አገሮች ይህን እንዲያስቡበት ይጠይቃል እንጂ አያስገድድም፤ ምክንያቱም የማስረዳት ሸክምን ወደ ተከሳሹ የሚያዞር ስለሚመስልና ንጹሕ ሆኖ የመገመትን መብት ስለሚነካ ነው። ብሪታንያ በ2017 ያወጣችው ሕግ መካከለኛ መንገድ ሞክሯል፤ ፍርድ ቤት የአንድን ንብረት ምንጭ እንዲያስረዳ ባለንብረቱን ያዛል፣ በቂ መልስ ካልመጣ ግን የሚከሰሰው ንብረቱ እንጂ ሰውየው አይደለም። በ2020 የብሪታንያው ብሔራዊ የወንጀል ኤጀንሲ ከእነዚህ ጉዳዮች አንዱን ተሸንፎ 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ የክርክር ወጪ እንዲከፍል ተጠየቀ፤ ከዚያ በኋላ በ2022 ኤጀንሲው ሲሸነፍ የሚከፍለውን ወጪ የሚገድብ ማሻሻያ መጣ። ለእኔ ይህ ትንሽ የሚመስል ማሻሻያ ከብዙ ትልልቅ አዋጆች የበለጠ ነገር ይናገራል፤ ሀብታም ተከሳሽ ተቋሙን የሚያስፈራራው በንጽሕናው ሳይሆን በጠበቆቹ ክፍያ ነውና።

ሰነድ ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ አለ። የኢንዶኔዢያ የሙስና ማጥፊያ ኮሚሽን ስሙን ያገነነው የስልክ ጠለፋን ከእጅ ከፍንጅ አያያዝ ጋር በማቀናጀት ነበር፤ በ2013 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንት የያዛቸው እንዲህ ነው። የተያዘ ኮምፒውተርና ስልክም እንደ ጥንቱ ተከፍቶ አይታይም። መርማሪው በመጀመሪያ ትክክለኛ ቅጂውን ወስዶ ቅጂው ከዋናው ጋር አንድ መሆኑን በሒሳባዊ አሻራ ያረጋግጣል፣ ማን መቼ እንደነካው በየፊርማው ይመዘግባል፤ በዚህ ሰንሰለት ላይ አንድ ቀን ከጎደለ የተከሳሽ ጠበቃ የሚጠብቀው እሱን ነው።

ሌላው ምንጭ ከውስጥ የሚናገር ሰው ነው። በፔሩ በ2000 የደኅንነት ሹሙ ቭላዲሚሮ ሞንቴሲኖስ ለፖለቲከኞች ጉቦ ሲሰጥ ራሱ ያስቀረጸው ቪዲዮ ወጣ፤ ቪዲዮው ለፕሬዚዳንት ፉጂሞሪ መንግሥት መውደቅም ምክንያት ሆነ። አገሪቱ በዚያው ዓመት መጨረሻ ያወጣችው ሕግ ለተባባሪ ተጠርጣሪዎች ቅጣት እየቀነሰ በለውጡ መረጃ የሚወስድ ነበር። ተባባሪዎቹ ምስጢር ብቻ ሳይሆን የባንክ ሒሳብ ቁጥርም ይዘው መጡ፤ ስዊዘርላንድ ብቻ በ2002 ወደ 77 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መለሰች። ለሌባ ቅጣት መቀነስ ብዙ ሰው ያንገሸግሸዋል፤ ሊያንገሸግሸውም ይገባል። ግን የገንዘቡን መንገድ የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ መንገዱን የጠረገው ሰው ብቻ ነው።

ጅቡ ሳይሄድ

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" የሚባለው ለዘገየ እግድ የተፈጠረ ይመስላል። እግድ ማለት ውርስ (ንብረቱን ጨርሶ ለመንግሥት መውሰድ) አይደለም፤ ንብረቱ የማን እንደሆነ እስኪለይ ድረስ እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ፣ እንዳይዛወር ባለበት ማቆየት ነው። ለዚህም ነው በብዙ አገሮች ዐቃቤ ሕግ ተጠርጣሪው ሳይሰማ ለፍርድ ቤት አመልክቶ እግድ የሚያወጣው፤ ተጠርጣሪው የመቃወም ዕድሉን የሚያገኘው ከእግዱ በኋላ ነው። ከፍርድ ቤቱም በፊት የሚፈጥን መሣሪያ የፋይናንስ መረጃ ተቋማት በየአገሩ ያላቸው ሥልጣን ነው፤ ባንክ አጠራጣሪ ግብይት ሲያሳውቃቸው ዝውውሩን ለጥቂት ቀናት ማስቆም ይችላሉ። እነዚህ ተቋማት ከ1995 ጀምሮ ኤግሞንት በተሰኘው ቡድን በኩል መረጃ ይለዋወጣሉ፤ በዚህ መንገድ የተገኘ መረጃ ብዙውን ጊዜ በቀጥታ ለችሎት የሚቀርብ ማስረጃ ባይሆንም መርማሪው የት መፈለግ እንዳለበት ያሳየዋል።

ዋናው ጥበብ ሰዓቱን ማገጣጠም ነው። እግዱ፣ ብርበራውና እስሩ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ሰዓት መፈጸም አለባቸው፤ ከሦስቱ አንዱ ከቀደመ ሌሎቹን ያስጠነቅቃል። በተግባር የሚታየው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ካሜራ ፊት የሚደረገው እስር ይቀድማል፣ መግለጫው ይከተላል፣ የእግድ ማመልከቻው በሳምንቱ ይጻፋል። ይህ በእኔ እይታ ከአቅም ማነስ ይልቅ ከፍላጎት የሚመጣ ችግር ነው፤ እስር ዜና ይሆናል፣ የታገደ የባንክ ሒሳብ ግን ፎቶ አይነሳም።

ከታገደ በኋላም ንብረት ጠባቂ ይፈልጋል። ቤት ይፈርሳል፣ መኪና ይዝጋል፣ ፋብሪካ ያለ አስተዳዳሪ ከቆመ ሠራተኛው ይበተናል። ከማሌዢያው ዋን ኤምዲቢ የተባለ የመንግሥት ፈንድ በተመዘበረ ገንዘብ እንደተገዛ የተገለጸው ኢኳኒሚቲ የተሰኘ የቅንጦት መርከብ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። 250 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል የተባለው ይህ መርከብ በ2018 በኢንዶኔዢያ ተይዞ ለማሌዢያ ተላለፈ፤ በ2019 የተሸጠው ግን በ126 ሚሊዮን ዶላር ነው። በእርግጥ የቅንጦት ዕቃ ዋጋው በራሱ ጊዜም ይወርዳል፤ ሆኖም መርከብ ወደብ ላይ በቆመ ቁጥር መልሕቁም መርከበኛውም ነዳጁም ወጪ ነው፤ ማሌዢያ በፍጥነት ለመሸጥ መጣደፏ ከዚህ አንጻር ትክክል ነበር። የሚበላሽ ወይም ጥገናው ከዋጋው የሚበልጥ ንብረት ከፍርድ በፊት እንዲሸጥና ገንዘቡ በዝግ ሒሳብ እንዲቀመጥ የማይፈቅድ ሕግ ያለበት አገር፣ ክሱን አሸንፎም የሚረከበው ዝገት ነው።

ከእግድ ወደ ውርስ የሚያደርሱ መንገዶች ብዙ ናቸው። የተለመደው ሰውየው ጥፋተኛ ሲባል የወንጀሉን ፍሬ መውረስ ነው፤ ፍሬው ራሱ ከጠፋ ተመጣጣኝ ዋጋ ካለው ሌላ ንብረት ይወሰዳል። ተጠርጣሪው ከሞተ፣ ከጠፋ ወይም ያለመከሰስ መብት ካለው ግን ይህ በር ይዘጋል። የናይጄሪያው ወታደራዊ መሪ ሳኒ አባቻ በ1998 ሲሞቱ ከአገሪቱ እንደዘረፉት የሚገመተው ገንዘብ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነበር፤ ሙት አይከሰስም፣ ገንዘቡ ግን በባንኮች ውስጥ በሕይወት አለ።

ለዚህ የተፈጠረው መፍትሔ ንብረቱን ራሱን መክሰስ ነው። በአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር የኢኳቶሪያል ጊኒን ፕሬዚዳንት ልጅ ሀብት ለመውረስ የከፈተው አንድ መዝገብ ተከሳሽ ተደርጎ የተጻፈበት ሰው አልነበረም፤ በነጭ ክሪስታል ያሸበረቀ የማይክል ጃክሰን ጓንት ነበር። በአገሩ ሚኒስትር የነበረው ይህ ልጅ በዓመት ከ100 ሺህ ዶላር በታች ይፋዊ ደመወዝ እያገኘ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሀብት አካብቷል የሚለው ነበር የክሱ ጭብጥ። በ2014 ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ በማሊቡ ያለው ትልቅ ቤትና የፌራሪ መኪናው እንዲሸጡ፣ ከአገር አስቀድመው ለወጡት የማይክል ጃክሰን ዕቃዎችም 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ተወሰነ። እንዲህ ባለው ክስ መመዘኛው የፍትሐ ብሔር ነው፤ ዐቃቤ ሕግ ከጥርጣሬ በላይ ማስረዳት አይጠበቅበትም፣ ከሌላው ወገን የተሻለ ማስረጃ ማቅረብ ይበቃዋል። መሣሪያው ስለታም የመሆኑን ያህል ያስፈራልም። ፖሊስ ከተወረሰው ንብረት ላይ ድርሻ በሚወስድባቸው ቦታዎች ተራ ዜጎች መኪናቸውንና ጥሬ ገንዘባቸውን ለማስመለስ ሲንከራተቱ ታይተዋል። በቅን ልቦና ገዝቶ የያዘ ሦስተኛ ወገን የሚሰማበት ችሎት ከሌለ ንብረትን መክሰስ ሙስናን በሌላ ዝርፊያ ወደ መተካት ይወስዳል።

ድንበር ማዶ

የፊሊፒንሱ ፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርቆስና ባለቤታቸው ኢሜልዳ በ1968 በዙሪክ የባንክ ሒሳብ ሲከፍቱ "ዊሊያም ሳውንደርስ" እና "ጄን ራያን" በሚሉ የሐሰት ስሞች ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ ልፋት አያስፈልግም። በአንዱ ደሴት ኩባንያ ይመዘገባል፣ ባለ አክሲዮኑ በሌላ አገር የተቋቋመ አደራ ጠባቂ ድርጅት ይሆናል፣ ዳይሬክተሩ ለፊርማ የሚከፈለው ጠበቃ ነው፣ የባንክ ሒሳቡ ደግሞ በሦስተኛ አገር ይከፈታል። እያንዳንዱ ደረጃ ሕጋዊ ነው፤ ድምሩ ግን ባለቤቱን ይሰውራል። መርማሪው አንዱን ደረጃ ለመውጣት አንድ ጥያቄ፣ አንድ ትርጉም፣ አንድ የፍርድ ቤት ትዕዛዝና ብዙ ወራት ያስፈልጉታል።

የፀረ-ሙስና ስምምነቱ በአንቀጽ 51 ሀብትን መመለስ የስምምነቱ መሠረታዊ መርሕ ነው ይላል። በተግባር ሥራው የሚሄደው ከመንግሥት ለመንግሥት በሚላክ የሕግ ትብብር ጥያቄ ነው፤ ብዙዎቹ ጥያቄዎችም የሚወድቁት በጠላትነት ሳይሆን በአጻጻፍ ነው። "የእነዚህን 20 ሰዎች ሀብት ፈልጉልን" የሚል ደብዳቤ የተቀባዩ አገር ዳኛ ፊት አይቆምም፤ ዳኛው የሚፈልገው የትኛው ወንጀል፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሒሳብ በኩል ከዚህ ንብረት ጋር እንደሚገናኝ ነው። ልምድ ያላቸው ተቋማት ለዚህ ነው መደበኛውን ደብዳቤ ከመላካቸው በፊት በስልክና በፋይናንስ መረጃ ተቋማት በኩል ከአቻዎቻቸው ጋር የሚነጋገሩት፤ ደብዳቤው ሲደርስ ተቀባዩ መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል።

ጠያቂው አገር ራሱ ካልፈለገስ? የኮንጎ አምባገነን የነበሩት የሞቡቱ ሴሴ ሴኮ ገንዘብ መልሱን ይሰጣል። ስዊዘርላንድ በ1997 ያገደችውን 7.7 ሚሊዮን ፍራንክ ለ12 ዓመታት ይዛ ኮንጎ በተገቢው መንገድ እንድትጠይቅ ብትጠብቅም፣ በቂ ትብብር ሳይመጣ ይርጋው አለፈ፤ በ2009 ገንዘቡ ለሞቡቱ ወራሾች ተለቀቀ። ስዊዘርላንድ በዚህና በሄይቲው አምባገነን በዱቫሊየር ጉዳይ ካፈረች በኋላ፣ የባለቤቱ አገር የፍትሕ ሥርዓት መሥራት ባልቻለበት ሁኔታ ገንዘቡን ራሷ እንድትወርስ የሚፈቅድ ሕግ ከ2011 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለች። የማርቆስ ጉዳይ ደግሞ ትዕግሥትን ያሳያል፤ ስዊዘርላንድ ገንዘቡን ያገደችው ቤተሰቡ በሸሸበት በ1986 ነው፣ የፊሊፒንስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደ 658 ሚሊዮን ዶላር የደረሰውን ገንዘብ ለመንግሥት የወሰነው ግን በ2003 ነው። ያ የመጀመሪያው ፈጣን እግድ ባይኖር ለ17 ዓመት ሊሟገቱበት የሚችሉት ነገር አይኖርም ነበር።

ገንዘቡ ሲመለስ ሌላ ክርክር ይከፈታል፤ ለማን ይሰጥ? ያዥው አገር "ተመልሶ ይዘረፋል" ብሎ ይሰጋል፤ ባለቤቱ አገር "በራሴ ገንዘብ ማን ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጥብኛል?" ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ከአባቻ ገንዘብ 321 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከስዊዘርላንድ የተመለሰው በ2017 በተፈረመ ስምምነት፣ በዓለም ባንክ ክትትል ለድሆች ቤተሰቦች በቀጥታ እንዲከፋፈል ተደርጎ ነው፤ በ2020 ከጀርሲ ደሴት የተመለሰው ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደግሞ ለሁለት መንገዶችና ለአንድ ድልድይ ተመደበ። ፊሊፒንስ በ2013 ባወጣችው ሕግ ከማርቆስ ገንዘብ 10 ቢሊዮን ፔሶ ለአገዛዙ ተጎጂዎች ካሳ አደረገች። ከኢኳቶሪያል ጊኒው ስምምነት የተገኘው 26.6 ሚሊዮን ዶላር በመንግሥት እጅ ሳያልፍ በ2021 ለክትባትና ለመድኃኒት እንዲውል ተወሰነ። ከአራቱ መንገዶች የፊሊፒንሱ ይበልጥ ያሳምነኛል፤ የተጎዱትን ሰዎች በስም የሚያውቅ እሱ ብቻ ስለሆነ።

ተቋሙን ማን ይጠብቀዋል?

የተቋማቱን ሪፖርት የሚያነብ ሰው ሦስት ግሶችን ለይቶ ማንበብ አለበት፤ "ታገደ"፣ "ተወረሰ" እና "ተመለሰ"። የመጀመሪያው በየዓመቱ ትልቅ ነው፣ ሁለተኛው ያንሳል፣ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ በግርጌ ይቀመጣል። የዓለም ባንክና የተባበሩት መንግሥታት በ2007 በጋራ ያቋቋሙት የተዘረፈ ሀብት ማስመለሻ ፕሮግራም ከታዳጊ አገሮች በሙስና የሚወጣው ገንዘብ በዓመት ከ20 እስከ 40 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ገምቷል፤ ከዚህ አንጻር እስካሁን የተመለሰው ኢምንት ነው።

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለው አባባል በተሿሚው ልብ ውስጥ ያለውን ስሌት ይገልጻል። ስሌቱን መቀየር የሚችለው መርማሪ ደግሞ ራሱም ተሿሚ ነው፤ በጀቱ ይቆረጣል፣ ይዛወራል፣ ሕጉ ይሻሻልበታል። የኢንዶኔዢያው ኮሚሽን በ2019 ሥልጣኑን የሚቀንስና ጎዳናዎችን ያጥለቀለቀ ተቃውሞ ያስነሳ ማሻሻያ ጸድቆበታል። በማሌዢያም የዋን ኤምዲቢ ፈንድ የአገር ውስጥ ምርመራ ከ2015 ጀምሮ ተዳፍኖ ጠቅላይ ሚኒስትር ናጂብ ራዛቅ በ2016 መጀመሪያ ነፃ ተባሉ፤ በዚያው ዓመት አጋማሽ ግን የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ከፈንዱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ተመዝብሯል ብሎ ንብረቶቹን ከሰሰ። ናጂብ ጥፋተኛ የተባሉት በምርጫ ከወደቁ በኋላ፣ በ2020 ነው። ማስረጃው በሁለቱም ጊዜ ያው ነበር ማለት ይቻላል፤ የተቀየረው ወንበሩ ነው።

የናይጄሪያው የኢኮኖሚና የፋይናንስ ወንጀሎች ኮሚሽን ኃላፊ የነበሩት ኑሁ ሪባዱ በ2007 የገጠማቸው ነገር ይህን ሁሉ በአንድ ቦታ ያሳያል። እንደ እሳቸው ገለጻ፣ የዴልታ ግዛት ገዥ የነበሩት ጄምስ ኢቦሪ ምርመራው እንዲቆም 15 ሚሊዮን ዶላር በጥሬ ገንዘብ ላኩላቸው፤ ኢቦሪ ይህን ክደዋል። ሪባዱ ገንዘቡን አልመለሱም፣ አልደበቁትምም፤ በማስረጃነት ወደ ማዕከላዊ ባንክ ወስደው ካዝና አስገቡት። በዚያው ዓመት መጨረሻ እሳቸው ለትምህርት በሚል ከኃላፊነታቸው ዞር እንዲሉ ተደረጉ። በ2009 አሳባ ከተማ ያስቻለው ፍርድ ቤት ኢቦሪን ከ170 ክሶች በነፃ አሰናበታቸው። በ2012 ለንደን ውስጥ ለተመሳሳይ ዝርፊያና ገንዘብ ማጠብ ጥፋተኛነታቸውን አምነው 13 ዓመት ተፈረደባቸው፤ በ2021 ከእሳቸውና ከቅርብ ሰዎቻቸው የተያዘው የመጀመሪያው 4.2 ሚሊዮን ፓውንድ ለናይጄሪያ ተመለሰ። የለንደኑ ፍርድ ቤት 101.5 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲወረስባቸው ያዘዘው በ2023 ነው፤ ሪባዱ ከወንበራቸው ከተነሱ ከ15 ዓመት በኋላ።